ከግድግዳው ወዲህ

በስምንት ዓመቴ የዜማ ደራሲ ነበርኩ። ሁለት ወር ያህል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ዜማ ጽፌ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም አልጻፍኩም። ግን እንደጻፍኩ አምኜ ነበር፤ ያላመኑኝን ሁለት የአጎቴን ልጆችም በጡጫ አሳምኛለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ከስብከት በኋላ ነው። ፓስተር ሞአላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ የደሴቲቱ ከተማ ኔያፉ ላይ የሚሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ እንደሚመረቅ ነገሩን።

«ከየመንደሩ አንድ መዝሙር ይመጣል» አሉ። «አዲስ መዝሙር። ከአሮጌው መጽሐፍ የተገለበጠ እንዳታመጡብኝ። ባለ አራት ድምፅ ይሆናል፤ የሚሠራውም የመዘምራኑ መሪ ራሱ ነው። መሪው መሥራት ያልቻለ መንደር መዘምራኑን ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቅላል፤ በጎረቤቱም መሪ ይመራል።»

ጎረቤት ሲሉ ዓይናቸው የት እንዳረፈ ሁላችንም አየን። ፌኪቶአ ላይ ነው። ፌኪቶአ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው መንደር የመዘምራን መሪ ነው፤ ደረቱ እንደ ጀልባ ሰፊ፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ዶሮ የሚያስበረግግ ሰው። ያን ቀን ለእንግድነት መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈገግ አለ።

አባቴ ማናሴ ፈገግ አላለም። አባቴ ስድስት ቀን ቦዬ ይተክላል። በሰባተኛው ቀን እንደ አገሩ የክብር ልብስ ወገቡን በሰሌን ታጥቆ፣ የዘይቱን እንጨት ዘንግ ይዞ በአርባ ሰው ፊት ይቆማል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሯል። ያችን ዘንግ ከወሰዱበት የሚቀረው ቦዬው ብቻ ነው።

በእኛ አገር ዜማ የሚጻፈው በቁጥር ነው፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይወጣል። መሪው ጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ረድፍ ቁጥር ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ረድፍ ይዘምራል። አባቴ የተጻፈውን ማስዘመር ያውቃል። ዜማ ማውጣትም ያውቃል። ጎደሬ ሲነቅል ያፏጫል፤ ያፏጨውም ሁሉ ደስ ይላል። ያ ግን የላይኛው ረድፍ ብቻ ነው። ከሥር የሚሄዱትን ሦስቱን ምን ላይ እንደሚያቆማቸው አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከመጽሐፍ ነው የተማረው ተባለ። ስለዚህ አባቴ መጽሐፍ ፍለጋ ወጣ።

የመጀመሪያው በመርከብ ከኦክላንድ መጣ። መርከበኛ ዘመዳችንን «ዜማ ስለ መሥራት የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ» ብሎ አዞት ነበር። መጽሐፉ ትልቅ ነው። ጥቁር ነው፤ በሽፋኑ ላይ የኦርጋን ሥዕል በወርቅ ቀለም ታትሟል። አባቴ እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ቤት አመጣው። እንግሊዝኛ ስለማያነብ የትምህርት ቤቱ መምህር ተጠራ። መምህሩ ቆሞ ሁለት ገጽ አነበበ፤ ሦስተኛውን ተቀምጦ አነበበ።

«ማናሴ» አለ፣ «ይህ መጽሐፍ የሚናገረው የተበላሸ ኦርጋን እንዴት እንደሚጠገን ነው።»

«ኦርጋን አለን?» አለች እናቴ ሴይኒ።

«የለንም» አለ አባቴ።

«እንግዲያው አይበላሽብንም» አለች።

ሁለተኛው ኔያፉ ከአንድ ነጋዴ ዕቃ ቤት ተገኘ። በቋንቋችን፣ በእጅ የተጻፈ ደብተር ነው። አባቴ ከመክፈቱ በፊት እጁን ታጠበ። ስለ ሁለተኛው ድምፅ፣ ስለ ሴቶቹ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ጥሩ አድርጎ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ምስጥ ጨርሶታል።

«ወንዶቹስ?» አለች እናቴ።

«ወንዶቹን ምስጥ በላቸው።»

ሦስተኛው መጽሐፍ አይደለም፤ ሰው ነው። ከደሴቲቱ ወዲያ ጫፍ ካቶሊኮቹ ዘንድ ዜማ የሚያውቅ ጺማም መነኩሴ አለ ሲሉት አባቴ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጓዘ። ሲመለስ ግራ ተጋብቶ ነበር።

«ሁለት ድምፅ በአምስት ደረጃ ርቀት ተያይዞ አይሄድም፣ ክልክል ነው አለኝ።»

«ማን ነው የከለከለው?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅኩት። ሕጉ ነው አለ። የማን ሕግ ነው፣ የጳጳሱ? ስለው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዳቦ ሰጥቶ ሸኘኝ።»

«እኛስ አምስት ይከለከልብናል?»

«እስካሁን አልተነገረንም» አለ አባቴ፤ ወደ ውጭ ወጥቶም ማታ ድረስ የጎደሬውን አፈር ቆፈረ። ጎደሬው ግን መቆፈር አያስፈልገውም ነበር።

በማግስቱ እናቴ የተጋገረ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ይዛ ወደ አክስቴ ቤት ሄደች። ቆይታ መጣች። የዳቦ ፍሬ ማድረስ ያን ያህል እንደማያቆይ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

አክስቴ ሜሌናይቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ይኖሩ ነበር። ወንድምና እኅት ካደጉ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር አይቀመጡም፤ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ። ፊት ለፊት አያወሩም። እሳቸው በፊት በር ሲገቡ አባቴ አንገቱን ደፍቶ በጓሮ በር ይወጣል። ወንድም ለእኅቱ ይሰጣል እንጂ ከእኅቱ አይጠይቅም፤ ጠየቀ ከተባለ ሰው አይደለም። በእኛ በልጆቹ ላይ ግን አክስት ከአባትም በላይ ናት። ና ካሉ ትሄዳለህ። የምትበላውን ከእጅህ ቢወስዱ ታመሰግናለህ።

አክስቴ በልጅነታቸው ዘጠኝ ዓመት በሚሲዮናዊው ቤት ኖረዋል። እዚያ ሰሃን ሲያጥቡ ነበር ይባላል። እውነት ነው፣ ሰሃን አጥበዋል። የሚሲዮናዊው ሚስት ደግሞ ሰሃኑ ካለቀ በኋላ በየቀኑ አራት ረድፍ ዜማ ታስጽፋቸው ነበር። ይህን የሰማሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ሊሠሩት የያዙትን ሰሌን ተሸክመው ወደ ግቢያችን መጡ። ወደ ቤት አልገቡም። የቤታችን ግድግዳ የኮኮናት ቅጠል ጉንጉን ነው፤ በአንድ በኩል ሲያነጥሱ በሌላው በኩል ይማርህ ይባላል። እሳቸውም ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ጥላ ውስጥ ተቀመጡ።

«ሳሚዩ!»

«አቤት አክስቴ።»

«ና። ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተህ ተቀመጥ። ከዛሬ ጀምሮ ዜማ መሥራት አስተምርሃለሁ።»

«እኔን?»

«ሌላ ሰው ይታይሃል?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። አባቴ ቤት ውስጥ ነው። የኦርጋኑን መጽሐፍ ይዞ ልክ ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ማዶ ሲቀመጥ ሰማሁት። አዘንኩለት። እኔ በሰው እየተማርኩ እሱ ምስኪን በመጽሐፍ ሊታገል ነው።

አክስቴ በተፈጥሯቸው ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔን ሲያስተምሩ ግን ይጮኹ ነበር።

«ይሰማኛል፣ አክስቴ» አልኩ።

«ዝም ብለህ ስማ!» አሉ፤ የበለጠ ጮኹ። «የላይኛው ድምፅ እኅት ናት። የታችኛው ወፍራሙ ድምፅ ወንድም ነው። እኅት ወደ ላይ ስትወጣ ወንድም ወዴት ይሄዳል?»

«አብሯት ይወጣል።»

«ባለጌ! እኔ በፊት በር ስገባ አባትህ ወዴት ይሄዳል?»

«በጓሮ ይወጣል።»

«እንግዲያውስ! እሷ ስትወጣ እሱ ይወርዳል። እሷ ስትወርድ እሱ ይወጣል። አንዳንዴም ባለበት ቆሞ ያሳልፋታል። ርቀታቸውን ለክተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ መንገድ አይሄዱም፤ በተለይ በአምስት ርቀት። ለምን?»

«ነውር ነው።»

«ነውር ነው!»

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እሾህ የተነቀለለት ሰው የሚያሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ መጽሐፉ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኦርጋኑ የት ላይ እንደተበላሸ አገኘው ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለት መጽሐፍና አንድ መነኩሴ ሊያስረዱት ያልቻሉትን ነገር አባቴ ጢም ካበቀለ ጀምሮ በየቀኑ ሲሠራው ኖሯል። ያን ቀን ገባው። ለእኔ የገባኝ ስለ ጨዋነት መመከሬ ነው።

«መካከል ያሉት ሁለቱ ድምፆች ደግሞ ልጆች ናቸው» አሉ በሌላ ቀን። «ልጅ ምን ያደርጋል?»

«ይጫወታል።»

«ያልተቀጣ ልጅ ይጫወታል። የተቀጣ ልጅ ካለበት ብዙ አይንቀሳቀስም። ቦታ መለወጥ ካለበት አጠገቡ ያለውን ይይዛል። ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ አይፈናጠርም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ከግድግዳው ማዶ አባቴ ሳል አሰማ።

«አልገባህም» አሉ አክስቴ።

«ገባኝ እኮ!»

«አልገባህም አልኩህ! እንደገና ስማ።»

እንዲህ ነበር የምንውለው። ገባኝ ስል ይደግሙታል፤ አልገባኝም ስል ያልፉታል። አንዳንድ ቀን ምንም ሳልናገር «ጎበዝ» ይሉኛል። ትምህርት ቤት ጎበዝ የሚለኝ ስላልነበረ ምክንያቱን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። አንድ ጠዋት እናቴ አራት ረድፍ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ።

«ይህን ለአክስትህ ስጣቸው። ማታ የጻፍከው ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

«ተነሥተህ ጻፍክ፤ ተመልሰህ ተኛህ። አታስታውስም?»

ብዙ አሰብኩ። አላስታወስኩም። ትምህርት ቤት ስጽፍ ሦስት ቁጥሬ ዓሣ፣ ስምንት ቁጥሬ የተጣለ ገመድ ይመስላል። ይህ ግን ቀጥ ያለ ጽሑፍ ነው። እንቅልፍ እጅ ያረጋጋል ብዬ ደመደምኩ።

አክስቴ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ላይ እኅትና ወንድም ተያይዘው ሲሄዱ ይታያሉ። በአደባባይ! አታፍርም?»

አፈርኩ። «ሁለተኛ አይለምደኝም» አልኩ።

«እዚህ ላይ ደግሞ ልጁ ከጣራ ዘሎ ጓዳ ወድቋል። እግሩ ቢሰበርስ?»

«በእንቅልፍ ልቤ ነው አክስቴ።»

አክስቴ ፊታቸውን ወደ ሰሌናቸው መለሱ። ትከሻቸው ትንሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጥፋቴ አስለቀሳቸው ብዬ ደነገጥኩ። በማግስቱ የጻፍኩት ግን ንጹሕ ነበር፤ ልጆቹም ከቤት አልራቁም።

ሊቅነት ለብቻ አይበላም። የሁለቱም መንደር ልጆች የምንማረው አንድ ትምህርት ቤት ነው። የፌኪቶአ ልጅ ሎሳሊኔ ከእኔ ሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ቁመቷም ይበልጠኛል።

«አባቴ መዝሙሩን ጨርሷል» አለችኝ አንድ ቀን። «የእናንተስ?»

«ልጨርሰው ነው።»

«አንተ?»

«አባቴማ ኦርጋን ነው የሚያጠናው። መዝሙሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ተኝቼ።»

«ተኝተህ?»

«ስነቃ ይጠፋብኛል።»

አልሳቀችም። ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «ማን አስተማረህ?»

«አክስቴ።»

«የት ሆነው?»

«ውጭ። እኔ ግድግዳው ጋ እቀመጣለሁ።»

«አባትህስ?»

«እሱ ውስጥ ነው። ልክ ከኋላዬ።»

«አንተ እኮ ራስህ ግድግዳ ነህ» አለች።

ልመታት አሰብኩ። ቁመቷን አይቼ ተውኩት። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩ። እሷ ግን ማታ ለአባቷ ነገረችው፤ እሱም እንደ እኔ ስላልሆነ ወዲያው ገባው።

ከምረቃው በፊት በነበረው ቅዳሜ ፓስተር ሞአላ የሁለቱንም መንደር መዘምራን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰበሰቡ። ሁለቱንም ሰምተው የማን መዝሙር ለኔያፉ እንደሚበቃና ማን ከማን ጋር እንደሚቀላቀል ሊወስኑ ነው። ፀሐይ ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ሴቶቹ ያራግባሉ። አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ዘንጉን ይዞ ግራ ጥግ ቆሟል። ከበፊቱ ቀጥኗል።

የፌኪቶአ መዘምራን ቀድመው ዘመሩ። ጣራው ተነሣ። ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ላዩ አዲስ፣ ሥሩ አሮጌ ነው፤ ከድሮው መጽሐፍ የታችኞቹን ሦስት ረድፎች ወስዶ አዲስ ዜማ ጭኖባቸዋል። ፓስተሩም ሳያውቁ አልቀሩም። ብቻ አመስግነው አስቀመጧቸው።

ከዚያ የእኛዎቹ ዘመሩ። አባቴ ጎደሬ ሲነቅል ያፏጨው ዜማ ነው፤ አውቀዋለሁ። ሴቶቹ ይዘውት ወጡ፤ የወንዶቹ ወፍራም ድምፅ ወረደ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ ተከፈተ፤ መካከለኞቹ ዝግ ብለው ገቡና ተቀመጡበት። አንዲት አሮጊት አፋቸውን በማራገቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ለመመስገን ተዘጋጅቼ ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

ፌኪቶአ ተነሣ።

«ፓስተር፣ ቆንጆ ነው። ልቤን ነክቶኛል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ማናሴን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቦዬ ያውቃል። ይህን ማን ሠራው? ልጁ እኔ ነኝ ይላል አሉ። ያስተማሩኝም አክስቴ ናቸው ይላል አሉ።»

መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ። አክስት የሚለው ቃል ሲደርስ ግን ሳቁ ተቆረጠ። ወንዶቹ ጉልበታቸውን አዩ። የሴቶቹ ማራገቢያ ቆመ። ያን ዝምታ አድናቆት መሰለኝ። ዛሬ አውቀዋለሁ። ሰው እኅቱን ለራሱ ጉዳይ አስቀምጦ አስተምሪኝ አላት ከተባለ፣ ዘንጉ ብቻ አይደለም የሚወሰድበት፤ በመንደሩ መሐል ቀና ብሎ መሄድም ይቀርበታል። የአባቴ አንገት ቀስ እያለ ሲደፋ አይቻለሁ። ትሕትና ነው ብዬ ነበር።

«ሳሚዩ» አሉ ፓስተሩ። «ና ወደ ፊት።»

ሄድኩ።

«መዝሙሩን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ፓስተር።»

«መቼ?»

«ሌሊት። ተኝቼ።»

የፓስተሩ ፊት አልተለወጠም። ጠመኔ አነሡና ሰሌዳው ላይ አንድ ረድፍ ቁጥር ጻፉ። «ይኸው የላይኛው ድምፅ። ወፍራሙን ጻፍልኝ።»

ጠመኔውን ተቀበልኩ። አልፈራሁም። እኅት ስትወጣ አወረድኩት። ስትወርድ አወጣሁት። ሁለት ስትወጣ ሁለት፣ ሦስት ስትወርድ ሦስት። በጓሮ በር አስወጥቼ፣ በአጥር አዙሬ፣ መጨረሻ ላይ የት እንደደረሰ እኔም አላውቅም። ሦስት ቁጥሮቼ ዓሣ መስለዋል፤ ነቅቼ ስለጻፍኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«ወንዶች፣ ዘምሩት» አሉ ፓስተሩ። ሴቶቹም የላይኛውን ያዙ።

የሚታረድ አሳማ ሰምቼ አውቃለሁ። አሳማው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። በሩ ላይ ተኝተው የነበሩት ሁለት ውሾች ተነሥተው ሄዱ። ወንዶቹ ስድስተኛው ቁጥር ላይ ደርሰው እርስ በርስ ተያዩና መዘመሩን ተዉት።

«አልተለማመዱም» አልኩ ለፓስተሩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፌኪቶአ ራሱ በዚያ ደረቱ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ መሳቅ ግን አልነበረበትም። ፓስተሩ እስኪያበቃ ጠበቁ።

«እንግዲህ የሠራው ልጁ አይደለም» አሉ። «አክስቱ ያስተማሩትም ካለ ምን እንደሆነ በጆሯችን ሰማን። ሜሌናይቴ፣ ትምህርቱ አልያዘለትም።»

«ራሱ ደረቅ ነው፣ ፓስተር» አሉ አክስቴ ቀና ብለው። «በእናቱ በኩል ነው።»

እናቴ ማራገቢያዋን አነሣችና እንደገና ማራገብ ጀመረች። 

«የቀረው አንድ ሰው ነው» አሉ ፓስተሩ። «ማናሴ፣ ያንኑ ረድፍ ያዝ።»

አባቴ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣ። የጻፍኩትን በመዳፉ ጠረገው። መጻፍ ጀመረ። አምስት ቁጥር በተከታታይ ጻፈ። ስድስተኛው ላይ ጠመኔው አየር ላይ ቀረ።

ጠበቅን። ላብ ከጆሮው ሥር ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ገባ። ወደ ሴቶቹ በኩል አላየም፤ ማየትም አይችልም። አክስቴ በመስኮቱ ባሕሩን ያያሉ። ባሕር አይተው የማያውቁ ይመስሉ ነበር። ፌኪቶአ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

አባቴ ጠመኔውን አወረደና ከዚያ በፊት የጻፈውን ቁጥር ደግሞ ጻፈው። ወንድምየው ባለበት ቆሞ እኅቱን አሳለፋት። ከዚያ በኋላ እጁ አልቆመም። የታችኛውን ጨረሰ፤ መካከለኞቹን ሁለት ረድፎች ሞላ፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሄደ።

ዘመሩት። ስምንት ቁጥር ብቻ ነው፤ ወዲያው ያልቃል። ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ዘንግህን አንሣ፣ ማናሴ» አሉ። «ወደ ኔያፉ የምትሄደው አንተ ነህ። ፌኪቶአም የራሱን መዘምራን ይዞ ይቆይ፤ የሚቀላቀል የለም።»

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ከጎኔ ሆኖ በዝግታ ይራመድ ነበር። 

«ወንዶቹ አልተለማመዱም ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አልተለማመዱም፣ አባባ።»

እሱ ያን ሁሉ ያወቀው ሌሊት ሌሊት የምጽፈውን ወረቀት እየሰረቀ እያየ መሆኑን በልቤ ተረድቻለሁ። አልነቀፍኩትም። አባት ነው።

ከምረቃው በኋላ ባለው ሰኞ ከሰዓት አክስቴ እንደ ወትሯቸው ሰሌናቸውን ዘርግተው፣ እኔም ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀምጠን ሳለ ፌኪቶአ በበሩ መጣ። በአንድ እጁ ቅርጫት ሙሉ ቦዬ፣ በሌላው ሎሳሊኔን ይዟል። ለአክስቴ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። እኅቱ ስላልሆኑ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ ቢጠይቃቸውም የሚከለክለው የለም። ግን የመዘምራን መሪ ሴት ፊት ተቀምጦ ዜማ ሲማር ቢታይ ባሕረ ሰላጤው በሁለቱም ዳር ይስቅበታል። አባቴ በር ላይ ብቅ አለ።

«ማናሴ» አለ ፌኪቶአ፤ ድምፁን ሊቀንስ ሞከረ። «ያ የኦርጋን መጽሐፍ… ላየው ፈልጌ ነበር።»

«ኦርጋን ገዛህ እንዴ?»

«አልገዛሁም። ከመጣ ብዬ ነው። ሰው መዘጋጀት አለበት።»

አባቴ ቦዬውን አየ፤ ፌኪቶአን አየ። «ግባ» አለው። ሁለቱ ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ማዶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወለሉ ጮኸ። መጽሐፉ ተከፈተ። ገጽ ግን አልተገለጠም።

አክስቴ ሎሳሊኔን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ማን ላከሽ?»

«ከሳሚዩ ጋር ልማር ነው» አለችና እኔን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ተናደድኩ። የእኔ ግድግዳ ነው።

«እሺ» አሉ አክስቴ ጮክ ብለው። «መዝሙሩ ሊያልቅ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ወዴት ይሄዳል? ሳሚዩ!»

«በጓሮ ይወጣል።»

«አንቺስ?»

«ወደ ሦስት ይመለሳል» አለች ሎሳሊኔ። «ሦስት ቤቱ ነው። እሱ ቤቱ ካልገባ መዝሙሩ አያልቅም።»

የአክስቴ እጅ ሰሌኑ ላይ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ሲያስተምሩኝ እንዲህ ቆሞ አያውቅም። ዛሬ በየደሴቱ የሚዘመረው የሎሳሊኔ መዝሙር ነው፤ እኔም ከኋላ ረድፍ ቆሜ እሷ የጻፈችውን ወፍራም ድምፅ እዘምራለሁ፤ ስሳሳትም ዞር ብላ ታየኛለች።

«ወደ ቤቱ ሲመለስ ከየት ይመጣል?» አሉ አክስቴ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ከሰባት።»

«ከሰባት?» አለ ፌኪቶአ።

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ዶሮዎቹ ወደ አጥሩ ሮጡ። ከውስጥ አባቴ «ኧረ ቀስ!» ሲል ተሰማ። ሎሳሊኔ መሬቱን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

አክስቴ ዓይናቸውን ከሰሌኑ ላይ አላነሡም።

«ሳሚዩ» አሉ፣ «ድምፅህ ወፍሯል።»

እኔ አልተናገርኩም ነበር። ግድግዳውን ዞሬ አየሁት። አክስቴን አየሁ። ሎሳሊኔን አየሁ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የቻልኩትን ያህል አወፍሬ፣

«ከሰባት?» አልኩ።